ሁሉን የያዘ ግሥ

ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ቆሞ «አልጋ ያዘ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ስለ ማን እንደሚወራ የማያውቅ ሰሚ ሦስት ታሪክ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። አንደኛው የቤተ መንግሥት ነው። በአደባባዩ ባለው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። የዘመኑ ሰው «አልጋውን ያዙ» ሲል መንግሥቱን ተረከቡ ማለቱ ነው፤ ተተኪውንም «አልጋ ወራሽ» ያሰኘው ይኸው አልጋ ነው። ሁለተኛው የመንገደኛ ነው። እቴጌ ጣይቱ ካሠሩት ሆቴል ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ ፔንሲዮኖች ድረስ፣ ከክፍለ ሀገር ገብቶ ፒያሳ የወረደ እንግዳ መሸት ሲል የሚያስበው አልጋ መያዝ ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ይቀበላል። ሦስተኛው የጭንቀት ነው። ጎረቤት «እገሌ እኮ አልጋ ያዘ» ካለ ሰውየው ታሞ ተኝቷል፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ንጉሥ፣ መንገደኛ፣ ሕመምተኛ። ከሁለቱ ቃላት አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የተለወጠው «ያዘ» አልጋውን የሚይዝበት መንገድ ነው። ንጉሡ ይገዛበታል፤ መንገደኛው ለአንድ ሌሊት የራሱ ያደርገዋል፤ ሕመምተኛው ደግሞ በሰዋስው ያዥ ይባል እንጂ በእውነቱ የተያዘው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሰሚ ያለ ማብራሪያ ይረዳል፣ ተናጋሪም ያለ ጥንቃቄ ይናገረዋል። የሚገርመውም ይህ ቅለቱ ነው።

አደባባዩ ያለበት ፒያሳ የእጅ ሥራ የሚደነቅበት ሰፈር ነው። ወርቅ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ መስታወት ተጠግቶ የሚያይ ሰው የሐብሉን አያያዥ ቀለበት፣ የጉትቻውን መቆለፊያ፣ ፈርጡን አቅፈው የያዙትን ትንንሽ ጥርሶች ዓይኑን አጥብቦ ይመረምራል፤ ጥሩ ሥራ መጋጠሚያው ላይ ይታወቃልና። በዚያው ዓይን ልንመረምረው የሚገባ ሌላ ሥራ በሰፈሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲመላለስ ይውላል። ሠሪው አይታወቅም፤ ዋጋም አልወጣለትም። ስሙ «ያዘ» ይባላል። ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ሲያጋጥመን፣ ቋንቋው ቃል አጥሮት በአንድ ያብቃቃው ይመስለናል። «ያዘ»ን መጋጠሚያው ላይ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። እያንዳንዱ ትርጉም የሚገባበት ቦታ አለው፤ ከሌላው የሚለይበት ምልክትም አለው። የተዝረከረከ ነገር የለበትም።

ለዚህ ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ «ሥራ ያዝኩ»፤ «ሥራ ያዘኝ»። የመጀመሪያውን የሚለው ትምህርቱን ጨርሶ ወራት የተንከራተተ ወጣት ነው፤ ለእናቱ ደውሎ ይነግራታል፣ እናትም እልል ትላለች። ሁለተኛውን የሚለው ከቀጠሮው ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው፤ ወዳጁ ማክያቶውን ጨርሶ ሰዓቱን እያየ ጠብቆታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቃሉ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ቅጥያ ናት። «ኩ» ስትሆን ሰው ሥራን ይይዛል፤ «ኝ» ስትሆን ሥራ ሰውን ይይዛል። ያዥና ተያዥ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ደስታው ይቅርታ መጠየቂያ ሆኗል። ሦስተኛም አለ፦ «ሥራ ይዣለሁ» ሲባል ተቀጥሬአለሁ ማለትም ይሆናል፣ አሁን እጄ አይፈታምና ቆየት ብለህ ደውል ማለትም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የተናጋሪው ድምፅና ሰዓቱ ነው።

አሁን ደግሞ «ሥራ» በነበረበት ቦታ «ጉንፋን» እናስገባ። «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ «ጉንፋን ያዝኩ» ግን አንልም። «እንቅልፍ ያዘው»፣ «ፍቅር ያዛት»፣ «መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን»፤ እነዚህም ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳሉ። ሥራን መፈለግና ማግኘት በሰው አቅም ነው፤ ስለዚህ ሰው ሥራን ሊይዝ ይችላል። ሕመም፣ እንቅልፍ፣ ፍቅርና ዝናብ ግን ለሰው ፈቃድ አይታዘዙም፤ ስለዚህ እነሱ ያዦች ናቸው፣ ሰው ተያዥ ነው። ይህን ደንብ ማንም ሕፃን ተቀምጦ አልተማረውም፤ ማንም አዋቂም አይስተውም። በሰው ፈቃድ ያለውንና የሌለውን ለይቶ ማስቀመጥ የፈላስፎች ሥራ ነው፤ ይህ ግሥ ግን በአንዲት ቅጥያ ይለየዋል።

ከዚህም የረቀቀ አለ። የአቀበቱን መንገድ የወጡ እናት ደረጃው ላይ ዐረፍ ብለው «ወገቤን ያዘኝ» ይላሉ። ማን ያዘ? ሥራም አይደለም፣ ዝናብም አይደለም፤ አድራጊው አልተጠራም። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ጨነቀኝ» ስንል እንደምናደርገው ሁሉ፣ ስሙ የማይታወቅ አንድ ነገር መጥቶ ወገብን ጨምድዷል። ሌባ የሚይዝ፣ ኳስ የሚይዝ፣ ጠንካራ እጅ ያለው ግሥ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ እጁን ደብቆ ሕመሙን ብቻ ትቶልናል። ሰው ሥራን፣ ሥራ ሰውን፣ ስም የለሹ ሰውን፤ ሦስቱም አያያዞች በአንድ ግሥ አድረዋል፣ አንዱም ከአንዱ አይምታታም።

የቃሉን ትውልድ የፈለገ ሰው ከአደባባዩ ወደ ቅጥሩ መግባት ይበቃዋል። የአራዳ ጊዮርጊስ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ ስምንት ማዕዘን ይዞ የተሠራ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ፣ እግዚአብሔር አብ «አኃዜ ኵሉ» ተብሎ ይጠራል፤ ሁሉን የያዘ ማለት ነው። ግሡ የግእዙ «አኀዘ» ነው፤ የኛ «ያዘ» አባት። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ሁሉን ቻይ የሚል ቃል አለው፤ እሱም ሁሉን ቻይ ከሚለው ከላቲኑ ጋር ይሄዳል። የግእዝ ተርጓሚዎች ከግሪኩ ሲመልሱ የመረጡት ግን የእጅን ግሥ ነው። ፈጣሪ ሁሉን መቻሉ ብቻ ሳይሆን ዓለምን ይዟታል፤ ቢለቃት እንደምትወድቅ ሁሉ። ከደጅ ውጭ ታክሲ የሚያዝበትና ከውስጥ ዓለም የተያዘበት ግሥ አንድ ዘር መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ የጋራ ቃል የረከሰ ቃል እንዳልሆነ ይገባዋል።

«አኀዘ» እንዴት «ያዘ» ሆነ? ከሦስቱ የግእዝ ፊደላት ሁለቱ፣ «አ» እና «ኀ»፣ በጥንቱ አነጋገር ከጉሮሮ የሚወጡ ነበሩ። አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች በጊዜ ብዛት ጥሏቸዋል፤ ከነበሩት የጸናችው «ዘ» ብቻ ናት፣ «ያ»ም ፊት ቆመላት። ትግርኛ «ሓዘ» ብሎ አንዱን የጉሮሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቋል። ዐረብኛ «አኸዘ»፣ ዕብራይስጥም «አሐዝ» ሲሉ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። እንዲህ የተሸረሸረ ቃል ትርጉሙም ይሸረሸራል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። የሆነው ሌላ ነው። ግእዙ «አኀዘ» መጀመር የሚል ትርጉም ጭምር ነበረው፤ ዐረብኛውም እንዲሁ። አማርኛ ይህን አልጣለም፦ «ማልቀስ ያዘች» ስንል ጀመረች ማለታችን ነው። ሆኖም «ጀመረች» እና «ያዘች» አንድ አይደሉም። የጀመረ ሰው ሊተው ይችላል፤ «ማልቀስ ያዘች» የተባለችው ግን ጀምራ አልለቀቀችም። ከጥንቱ የመጀመር ትርጉም ጋር የእጁ መያዝም ቀጥሏል።

በቅጥሩ ውስጥ ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። ምእመኑ ጾም ይይዛል፤ ሲያበቃ ደግሞ ይፈታል። የንስሐ አባት ይይዛል። ተማሪው ዜማውን በቃሉ ይይዛል፤ ብራና የማይነበብበት ጨለማ ውስጥ እንኳ ዜማው አብሮት ይሄዳል። በዓል ሲሆን መዘምራኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ይቆማሉ። መቋሚያው በእጅ፣ ዜማው በልብ፣ ጾሙ በሰውነት፣ የንስሐ አባቱ በቃል ኪዳን ይያዛሉ። ከሚዳሰሰው ወደማይዳሰሰው ሲሄድ ግሡ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም፤ ማናችንም ስንናገረው ምሳሌ እየተጠቀምን እንደሆነ አይሰማንም።

ከቅጥሩ ስንወጣ መንገድ ጠያቂ ይገጥመናል። «ይህን መንገድ ይዘህ ውረድ፤ መርካቶ ያወጣሃል» ይባላል። «ቀኝህን ይዘህ ሂድ» ሲባልም ማንም ቀኝ እጁን አይጨብጥም። «ይዞ» የሚለው መልክ ከግሥነቱ ብዙ ርቆ ሄዷል፦ «ዣንጥላ ይዘሽ ውጪ»፣ «ልጁን ይዘህ ና»፣ «ከጠዋት ይዞ እየጠበቀ ነው»። በመጨረሻው ላይ «ይዞ» ጀምሮ ሆኗል፤ የጊዜን ጫፍ ይዞ እስከ አሁን የሚጎትት ገመድ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ትንንሽ መስተዋድዶች አሏቸው። አማርኛ ከቤቱ ዕቃ አውጥቶ ሠራው።

እስካሁን ያየነው አንዱ መልክ ብቻ ነው። ትልቁ ጥበብ ያለው ግሡ ሲረባ ነው፤ እዚህ ላይ ወደ ወርቅ ቤቶቹ እንመለስ። «ወርቁ ተያዘ» የምትል ሁለት ቃል ትበቃናለች። ዜና ላይ ከሆነ ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ተገኝቷል። ሱቅ ውስጥ ከሆነ ሙሽሪት የመረጠችው ሐብል ቀብድ ተከፍሎበት ለብቻው ተቀምጧል። ቤት ውስጥ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ከተነገረ ግን ገንዘብ ቸግሯል፤ የእናት ወርቅ አበዳሪ እጅ ገብቷል። ሕግ፣ ሰርግና ችግር በአንድ ተደራጊ ግሥ ላይ ተቀምጠዋል። ቋንቋው ሦስቱን የሚያገናኛቸው በአንድ ነገር ነው፤ ወርቁ በባለቤቱ እጅ የለም፣ ገናም አልጠፋም።

«አስ» የምትል መነሻ ስትጨመር ደግሞ እጁ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ቀብድ አስያዘ፣ ወርቋን አስያዘች፣ ቦታ አስያዝኩ። የጨረታ ማስታወቂያ ተጫራቹ ሲፒኦ እንዲያስይዝ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ ያዛል። ከዚህ ቤት «መያዣ» እና «ማስያዣ» ወጡ። «ገንዘብ ያዥ»፣ «ሒሳብ ያዥ»፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ» ደግሞ የያዙትን ነገር ለሌሎች የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው፤ በስማቸው ውስጥ አደራ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ «ተያዥ» ነው። ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ሲቀጥር «ተያዥ አምጣ» ይላል። ተያዥ አጥፊው ቢጠፋ በእሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው ነው። የሕግ ሰው በአንቀጽ የሚያብራራውን ግዴታ፣ ማለትም ያልሠራኸውን ጥፋት ስለ ወዳጅህ ስትል ለመክፈል ፈቅደህ መፈረምህን፣ ግሡ በአንድ ቃል ጨርሶታል። ገና ማንም አልተያዘም፤ ምናልባትም ማንም አይያዝ ይሆናል። ስሙ ግን ከወዲሁ «ተያዥ» ነው፤ የሚፈርም ሰው ምን እንደሚፈርም ቃሉ ራሱ ይነግረዋል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የሕግ ቃል አላውቅም።

የ«ያ» መደጋገም ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። «ተያያዙ» ሲባል እጅ ለእጅ ነው፤ እያንዳንዱ ያዥም ተያዥም ሆኗል። የእንጨትና የጭቃ ቤቶች በተደጋገፉበት ሰፈር እሳት ከቤት ወደ ቤት ይያያዛል። ዜና አንባቢ «በተያያዘ ዜና» ብሎ ወሬን ከወሬ ያስራል። ወጣቱም ንባቡን ተያይዞታል ሲባል፣ በትጋት ገፍቶበታል፣ መጽሐፉም መልሶ ይዞታል ማለት ነው። የመደጋገሙ ሥራ በድምፁ ውስጥ ይሰማል፤ ጆሮ «ያ» ሁለቴ ሲመጣ እጅም ሁለት እንደሆነ ያውቃል።

ከቅርንጫፎቹ ሁለቱ የቢሮና የመጽሐፍ ቃላት ሆነዋል። «ይዞታ» መሬትን፣ «ይዘት» ሐሳብን ይመለከታሉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ክብደት ያውቀዋል፤ ስለ ቤትና ስለ ቦታ ክርክር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው የሐያሲ ዕቃ ነው፤ የድርሰት ቅርጽና ይዘት እያልን እንለያለን። እዚህ ላይ አንድ የሩቅ አገር ምስክር እንጥራ። ላቲን «ቴኔሬ» የሚል ግሥ አለው፤ ትርጉሙ መያዝ ነው። እንግሊዝኛ ለይዘት፣ ለመሬት ይዞታና ለተከራይ የሚጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ ከዚህ ግሥ የወጡ ናቸው። በእኛ ሠራዊት ማዕረግ ውስጥ ያለው «ሌተና» እንኳ ከዚያው በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን «ቦታ ያዥ» ማለት ነው። የሩቆቹ ሕዝቦች መሬትንም ሐሳብንም ሹመትንም በእጅ ግሥ መሰየማቸው የሰው ልጅ አስተሳሰብ አንድ መሆኑን ያሳያል። ልዩነቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እነዚያን ቃላት ተሠርተው ያገኛቸው መሆኑ ነው፤ ላቲን ካልተማረ ዝምድናቸውን አያይም። አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ግን «ይዘት» ውስጥ «ያዘ»ን ይሰማል። መጋጠሚያው ክፍት ነው።

ይህን ክፍት መጋጠሚያ በወረቀት ላይ ያቆዩልን ሰዎች ነበሩ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሥራው ገና አልታተመም ነበር። አደራው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ፤ እሳቸውም በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ እንዲታተም አደረጉ። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። አንድ ሥራ በሦስት ሰው ዕድሜ ተይዞ አለፈ፤ ማንም ከእጁ አልጣለውም።

የእነዚህ ሊቃውንት ጥበብ የሚታየው በአደራደራቸው ነው። በ«ሀለሐመ» ፈንታ በ«አበገደ» ተራ ሄዱ፤ ግሡን አስቀድመው ዘሮቹን ከሥሩ አሰለፉ። ይህ ቀላል የሚመስል ውሳኔ ትልቅ ነው። ቃላቱ በመነሻ ፊደላቸው ብቻ ቢደረደሩ «መያዣ» በ«መ»፣ «ተያዥ» በ«ተ»፣ «አያያዝ» በ«አ» ተበታትነው ማዶ ለማዶ ይቀራሉ። በሥር ሲደረደሩ ቤተሰቡ በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ አንባቢ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ያገኛል፣ ትርጉም ከትርጉም እንዴት እንደተወለደም በዓይኑ ያያል። አለቃ ኪዳነ ወልድና አለቃ ደስታ የሠሩት ቃላት መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ የቋንቋውን አሠራር ራሱን የመዝገቡ አሠራር አደረጉት።

ሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለ ቃል ምን ያህል እንደሚደክም ማወቅ ደግ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰፊውን ቦታ የወሰደው «ሰት» የሚለው ግሥ ነበር፤ 430 ያህል ትርጉም ተቆጥሮለታል። በኋላ ግን «ራን»፣ ማለትም መሮጥ፣ በለጠው፤ የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር በዚህ አንድ ቃል ላይ ተቀምጦ ለግሡ 645 ትርጉም ለየ። በእንግሊዝኛ ወንዝ ይሮጣል፣ ሞተር ይሮጣል፣ ዕጩ ለምርጫ ይሮጣል፣ ድርጅትም «ይሮጣል»። በእኛ ወንዝ ይወርዳል፣ ሞተር ይሠራል፣ ዕጩ ይወዳደራል፣ ድርጅት ይመራል፤ «ሮጠ» በአብዛኛው እግር ላይ ቀርቷል። እያንዳንዱ ቋንቋ ከባዱን ሸክም የሚጭንበትን የአካል ክፍል ይመርጣል ማለት ይቻላል። እነሱ ብዙውን በእግር አስኬዱት፤ እኛ በእጅ ያዝነው።

ጥሩ መሣሪያ የማይሠራውንም ያውቃል። «ያዘ» ሰፊ ቢሆንም ወሰኑን አልጣሰም። ጥብቅ ሲል ለ«ጨበጠ»፣ ከቦታ ሲያርቅ ለ«ወሰደ»፣ ከሌላ እጅ ሲመጣ ለ«ተቀበለ» ይለቃል። ፎቶ እናነሣለን እንጂ አንይዝም፤ መድኃኒት እንውጣለን ወይም እንጠጣለን። በዚህ ወሰን ላይ ነው ዛሬ ጉዳት የሚደርሰው። የእንግሊዝኛው «ቴክ» በየትርጉሙ ሁሉ «ወሰደ» እየሆነ በጋዜጣው፣ በሬዲዮኑና በትምህርት ቤቱ እየገባ ነው። ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ አሁን ጊዜ «ይወስዳል»። ሰው ይታጠብ ነበር፤ አሁን ሻወር «ይወስዳል»። ተማሪ ይፈተን ነበር፤ አሁን ፈተና «ይወስዳል»። «ታክሲ ወሰድኩ» የሚልም ተሰምቷል፤ በጥንቱ አማርኛ ይህን የሚል ሰው መኪናውን ይዞ ጠፍቷል።

ቋንቋ ሲለወጥ ማዘን አይገባም፤ «አኀዘ»ም ተለውጦ ነው «ያዘ» የሆነው። ያ ለውጥ ግን ከውስጥ፣ በተናጋሪው ጆሮ እየተመዘነ የሄደ ነው። ይህኛው ግን ሌላ ቋንቋ በራሱ መንገድ ያከፋፈለውን ሥራ ያለ ምዘና እኛ ላይ የሚጭን ነው። «ጊዜ ፈጀ» ስንል ጊዜ እንደ ማገዶ ያልቃል፤ ቃሉ ኪሳራን ያሳያል። «ጊዜ ወሰደ» ስንል ይህ ይጠፋል። የምናጣው አንድ አነጋገር ብቻ ሳይሆን፣ አባቶቻችን ነገሩን ያዩበት ዓይን ነው። አበው «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይላሉ። ንብረቱን በልቅ እጅ የያዘ ሰው የሚቀማው ከመጀመሪያው መሆኑን የሚነግረን ይህ ምሳሌ፣ ራሱ «አያያዝ» በሚለው ቃል መነገሩ ደስ ያሰኛል።

ስለዚህ ለአማርኛ መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተውላጠ ስምና የመስተዋድድ ሠንጠረዥ ከማስጠናት በፊት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለ«ያዘ» ይሰጥ። ተማሪዎች ከቤታቸው፣ ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ፣ ከታክሲ ውስጥ የሰሙትን አምጥተው ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። «ሥራ ያዝኩ» እና «ሥራ ያዘኝ» ለምን እንደሚለያዩ ራሳቸው ይድረሱበት። «ተያዥ» ለምን በተደራጊ መልክ እንደተሠራ ይከራከሩ። የወላጆቻቸውን አፍ በዚህ ዓይን ያዳመጡ ልጆች ሰዋስው ከውጭ የመጣ ሸክም አይመስላቸውም፤ ሲናገሩት የኖሩት ሥራ መሆኑን ያዩታል። በውጭ አገር ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆችም እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ መቶ ስም ከማስቆጠር አንድ ግሥ እስከ ሥሩ ማሳየት ይበልጣል።

ይህን ግሥ እዚህ ያደረሱት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። የንጉሥ ጸሐፊዎች፣ ወርቅ አስያዦች፣ ቀዳሾች፣ መንገድ ጠቋሚዎች፣ ወገባቸውን የያዛቸው እናቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቃሉን ባስፈለገው ቦታ ሲገጥመው፣ ሰሚው ሳይጠይቅ ከተረዳው፣ መጋጠሚያው ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ፈተናው ዛሬም በየዐረፍተ ነገሩ ይቀጥላል፤ ፈታኙም ሠራተኛውም እኛ ነን።